ቅቤም ይረጋል፦ «ኮሌስትሮል ተረት ነው» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ታኅሣሥ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት። የሱሉልታ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ጀሪካኑን ብዘቀዝቀው ዘይቱ አልወርድ አለ። እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ሙቅ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጬው እየጠበቅሁ ሳለ የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ገባች። «እትዬ፣ ይሄን እስቲ እዪልኝ። አባዬ ይሄን ካነበበ ጀምሮ ኪኒኑን ትቷል» አለችኝ።

አባቷን ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የጎጃምን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ደረታቸውን አፍኗቸው ሆስፒታል ገቡ። ከልባቸው ደም ቅዳ ቧንቧዎች አንዱ ጠብቦ ተገኘና ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ገባላቸው። ከዚያ ወዲህ አስፕሪንና ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን አቶርቫስታቲን በየቀኑ ይወስዳሉ። ይወስዱ ነበር ማለት ይሻላል። ካቆሙ ሦስት ወር ሆኗቸዋል፤ ለልጃቸው የነገሯት ግን በዚያ ሰሞን ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ጽሑፉን ዘይቱ እስኪቀልጥ ድረስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ይላል። ኮሌስትሮል ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነገር ስለሆነ አይጎዳም። አባቶቻችን ቅቤ እየበሉ ረጅም ዕድሜ ኖረዋል፤ የልብ በሽታ የመጣው ከዘይት ጋር ነው። ከብት አርቢዎች ወተትና ሥጋ እየበሉ ጤነኞች ናቸው። ጀሪካን ውስጥ የሚረጋ ዘይት ደም ሥር ውስጥም ይረጋል። ፈረንጆቹም ተሳስተን ነበር ብለው ቅቤን መልሰዋል። ነጭ ሽንኩርት በሎሚ ቧንቧ ይጠርጋል። ቀጭን ሰው አያሳስበውም። የኮሌስትሮል ኪኒን ደግሞ ንግድ ነውና ተዉት።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በክፋት የጻፉት አይመስለኝም፤ ለወገናቸው የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። አንዳንድ ያሉት ነገርም እውነት አለው፤ ስደርስበት እናገራለሁ። ግን ሰው የሚገድለው የመጨረሻው ምክራቸው ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። ዓመት ስጠቅስ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ኪኒኑ ንግድ ነው ብለዋል። መድኃኒት አምራች ማትረፍ እንደሚፈልግ ማንም አይክድም። የአቶርቫስታቲን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ግን በ2011 አሜሪካ ውስጥ አልቋል። ዛሬ በየአገሩ ያለ ፋብሪካ ይሠራዋል። አንድ ድርጅት ብቻውን ይዞ የሚከብርበት ዘመን አልፏል።

ይሠራል ወይስ አይሠራም ለሚለው ደግሞ ቁጥሩ አለ። በ1994 ውጤቱ የታተመ ጥናት ነው። አምስት የሰሜን አውሮፓ አገሮች ውስጥ ልባቸውን ያመማቸው 4,444 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ከዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ሲምቫስታቲን ወሰዱ። ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ፣ ውስጡ መድኃኒት የሌለው ኪኒን ወሰዱ። ማን ምን እንደሚወስድ በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቅም ነበር። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ለሚጠጋ ጊዜ ተከታተሏቸው። ባዶውን ከወሰዱት 256 ሰዎች ሞቱ። መድኃኒቱን ከወሰዱት 182። ልዩነቱ 74 ሰው ነው። አዎ፣ ለጥናቱ ገንዘብ የሰጠው አምራቹ ነበር፤ ይህንን አልደብቅም። ስለዚህ አንዱን ጥናት ብቻ አትመኑ። በ2002 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች 20,536 ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥናትም ወደዚያው ነው ያደረሳቸው። ከዚያ ወዲህም ብዙ ተደርጓል።

ኪኒን የሚባል ነገር ጨርሶ የሌለበት ማስረጃም አለ። እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። አንዳንድ ሰዎች ሲወለዱ ጀምሮ አንዲት ጂናቸው ስለማትሠራ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤል፣ ዕድሜ ልካቸውን ዝቅ ያለ ነው። በ2006 አሜሪካ ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያንን ያካተተ ጥናት ታትሞ ነበር። ከእነሱ መካከል ይህ ተፈጥሮ ያላቸው ሰዎች ኤልዲኤላቸው ከሌሎቹ በ28 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የልብ ቧንቧ በሽታ የያዛቸው ደግሞ በ88 በመቶ ያነሰ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሐኪም አላዘዘላቸውም። ምንም አልገዙም። ማን ነው ታዲያ ያተረፈባቸው?

መድኃኒቱ ምንም ጣጣ የለውም አልልም። ጡንቻ የሚያማቸው ሰዎች አሉ። የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድልን በትንሹ ከፍ ያደርጋል። ያመመው ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ዓይነቱ ይቀየራል። ስቴንት የገባለት ሰው ግን በስልክ በመጣ ጽሑፍ ብቻውን ወስኖ ማቆም የለበትም።

ጋሼን ያን ሳምንት ወደ ላብራቶሪ ወሰድናቸው። ኪኒኑን በሚወስዱበት ጊዜ ኤልዲኤላቸው 74 ነበር። ወረቀቱን ልጃቸው አስቀምጣዋለች። አሁን 158 ሆኗል። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩትና «ምንም አልተሰማኝም እኮ» አሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አይሰማም። ደም ቅዳ ቧንቧ ሲጠብ አያሳክክም፣ አያተኩስም። ብዙ ሰው የሚሰማው የመጨረሻው ቀን ነው።

ኮሌስትሮል ሰውነት ራሱ የሚሠራው ስለሆነ አይጎዳም ወደሚለው ልለፍ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ሰውነታችን ነው፤ ጉበት ደግሞ ትልቁን ሥራ ይሠራል። የሴል ሽፋን ያለ እሱ አይቆምም። ሆርሞንም ከእሱ ይሠራል። ታዲያ ስኳርስ? ደም ውስጥ ስኳር ከሌለ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። የስኳር ሕመምተኛን ግን «ስኳር ሰውነትህ የሚፈልገው ነገር ነውና አትጨነቅ» የሚል ሰው አላየሁም። ማስፈለጉና ሲበዛ መጉዳቱ አይጋጩም።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ነው የሚያስበው። ጸሐፊውም እንደዚያው ናቸው። ቧንቧው ውስጥ እንደ ዝገት ወይም እንደ ማሰሮ ጥላሸት የሚለጠፍ ነገር አድርገው ይስሉታል። እንደዚያ አይደለም። ስብና ውሃ አይዋደዱም። ስለዚህ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ተጭኖ ነው። ኤልዲኤል የምንለው ከእነዚህ ከረጢቶች አንዱን ነው። ሲበዛ የቧንቧውን የውስጥ ገበር አልፎ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። እዚያ ይቀራል። የሰውነት ጠባቂ ሴሎች ባዕድ የመጣ መስሏቸው ይውጡታል። ውጠው ውጠው በስብ ይነፋሉና እዚያው ይቀራሉ። ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ ግድግዳው ያብጣል። አንድ ቀን ያ ያበጠው ቦታ ሲቀደድ ደም ቁስል ያየ መስሎት ይረጋል። የረጋው ደም የልብን ቧንቧ ከዘጋ ሃርት አታክ ነው። የአንጎልን ከዘጋ ስትሮክ ነው።

በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ይጠረጋል የሚባለው ስለዚህ አያስኬድም። ስቡ ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው፤ የሚጠረግ ወለል የለም። ሽንኩርቱን ለወጣችሁ፣ ሎሚውን ለሰላጣችሁ ተጠቀሙበት።

አሁን ቅቤ እዚህ ታሪክ ውስጥ የት ነው የሚገባው? ባለሙያዎች ሳቹሬትድ የሚሉት ስብ አለ። ብርድ ላይ የሚረጋው ዓይነት ስለሆነ እኔ የሚረጋ ስብ እለዋለሁ። ጉበታችን ኤልዲኤልን ከደም የሚሰበስብባቸው እንደ በር ያሉ ነገሮች አሉት። እነዚህን በሮች ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን በ1985 ኖቤል ተሸልመውበታል። ያገኙትም ሲወለዱ ጀምሮ በሩ የሌላቸውን ልጆች ሲመረምሩ ነው። እነዚያ ልጆች ገና በልጅነታቸው ሃርት አታክ ይይዛቸው ነበር። ልብ በሉ፤ አያጨሱም፣ አልወፈሩም፣ ጭንቀት የለባቸውም። ኤልዲኤል ብቻ ነው የበዛባቸው። የሚረጋ ስብ ስናበዛ የእኛም በሮች ይቀንሳሉ። ኤልዲኤሉ የሚገባበት አጥቶ ደም ውስጥ ይንከራተታል።

አባቶቻችን ቅቤ እየበሉ ኖሩ የሚለው ክርክር ልብ ይነካል። እኔም ሰላሌ ነው ያደግሁት፤ የቅቤ አገር። ስለዚህ ስለማውቀው ልናገር። አያቴ በሌሊት ተነስታ ወተት ስትንጥ የቅሉ ድምፅ ነበር የሚቀሰቅሰን። ቅቤው ሲወጣ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ፣ አድበልብላ፣ በኮባ ቅጠል ትጠቀልለዋለች። ከዚያስ? ከዚያማ ገበያ ይሄዳል! ጨውና ሳሙና የሚገዛበት፣ የእኛ ደብተር የሚገዛበት እሱ ነው። ለእኛ የሚቀረው አሬራው ነበር። ቅቤ ወጥ ውስጥ በደንብ የሚገባው እንግዳ ሲመጣና ለዓመት በዓል ነው። ከተማ የመጣሁ ጊዜ ሰው በአዘቦት ቀን ክትፎ በቅቤ ተነክሮ ሲበላ አይቼ ደንግጫለሁ።

ጸሐፊው ደግሞ ጾምን ጨርሰው ረስተውታል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል። ካህናትና መነኮሳት ጋ ሲደርስ እስከ 250 ይሄዳል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ። ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ አለ። በእነዚህ ቀናት ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም። ታዲያ አባቶቻችን በምን ይበሉ ነበር? በኑግ ነዋ። በሱፍ፣ በተልባ፣ በሰሊጥ። የሱፍ ፍትፍት የፈረንጅ ምግብ ነው እንዴ? የኑግ ዘይትን ከነሽታው የማያውቅ የሰላሌ ልጅ አለ?

እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ ከሥሩ የሚናደው። ጸሐፊው ቅቤን የአባት፣ ዘይትን የባዕድ አድርገው ነው የሳሉት። ኑግ ግን እዚሁ አገር የተላመደ የእኛው ሰብል ነው። ስቡ በአብዛኛው የማይረጋው ዓይነት ነው፤ ከመቶ 70ና ከዚያ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ነው። ተልባ ደግሞ ከስቡ ግማሽ የሚያልፈው ኦሜጋ ሦስት የሚባለው የማይረጋ ስብ ነው። የአባቶቻችንን ምግብ እንከተል ካልን እንከተል፤ ግን ሙሉውን። ግማሽ ዓመት በኑግና በተልባ፣ ቅቤ ለበዓል፣ ሽሮና ምስር በየቀኑ፣ እግር ደግሞ ገበያ ደርሶ መልስ።

ከብት አርቢዎችን በተመለከተ የሚጠቀሱት ማሳዮች ናቸው። እውነት ነው፤ በ1960ዎቹ ጆርጅ ማን የሚባል አሜሪካዊ ታንዛኒያ ሄዶ አጥንቷቸዋል። ወተትና ሥጋ ይበላሉ፤ የደም ኮሌስትሮላቸው ግን ዝቅተኛ ነበር። ጸሐፊው እዚህ ያቆማሉ። ጆርጅ ማን ራሱ ግን አላቆመም። የሞቱ 50 የማሳይ ወንዶችን ቧንቧ መርምሮ ውጤቱን በ1972 አሳተመ። ግድግዳው ውስጥ የስብ ክምችት ነበር። የልባቸው ቧንቧ ግድግዳ እንደ አሜሪካ ሽማግሌዎች ወፍሮ ተገኘ። ያዳናቸው የመሰለው ቧንቧቸው ሰፊ መሆኑ ነው፤ ጆርጅ ማን ይህን ያያዘው ቀኑን ሙሉ ከብት ተከትለው ከመሄዳቸው ጋር ነው። ቢሮ ውሎ በታክሲ የሚመለስ ሰው የማሳይን ወተት እንጂ የማሳይን እግር አልወሰደም።

ከማሳይ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነን የፊንላንድ ነገር ነው። ሰሜን ካሬሊያ የሚባል የወተትና የቅቤ አገር አለ። ገበሬዎች ናቸው፤ ብርድ አገር ነው፤ ዳቦ ላይ ቅቤ በወፍራሙ ይቀባል። በ1960ዎቹ ወንዶቻቸው በልብ በሽታ የሚሞቱት በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት በአንዱ መጠን ነበር። በ40ና በ50 ዓመታቸው ይወድቃሉ። ሕዝቡ ራሱ መንግሥትን አንድ ነገር አድርጉልን ብሎ በፊርማ ጠየቀ። በ1972 ፔካ ፑስካ የሚባል ወጣት ሐኪም ሥራውን ያዘ። ከሴቶች ማኅበራት ጋር ሆነው መንደር ለመንደር ዞሩ። ቅቤው በአትክልት ዘይት፣ ባለስቡ ወተት ስቡ በተቀነሰ ወተት እየተተካ ሄደ። ማጨስ ቀነሰ፣ የደም ግፊት መታከም ጀመረ። በ40 ዓመት ውስጥ ለሥራ የደረሱ ወንዶች በልብ ቧንቧ በሽታ መሞታቸው ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። ተመራማሪዎቹ ሲመረምሩት ትልቁን ድርሻ ያገኙት ለኮሌስትሮል መውረድ ነው። ያንኑ ሕዝብ፣ ያንኑ ብርድ ይዘው ነው እንግዲህ።

የሚረጋ ዘይት ደም ሥር ውስጥም ይረጋል የሚለውን ሰፈራችን ውስጥ የማይለው ሰው የለም። ሸማቾች የሚከፋፈለውን የፓልም ዘይት ወረፋ ላይ ቆመን እንኳ የምናወራው እሱን ነው። የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ነው። ሱሉልታ ጠዋት ላይ ካለው ቅዝቃዜ ጋር አይገናኝም። ደግሞም ዘይቱ በዘይትነቱ ደም ውስጥ አይገባም፤ ተፈጭቶ፣ ተቀይሮ፣ ተጭኖ ነው የሚገባው። ስለዚህ ደም ሥር ውስጥ ነጭ ሆኖ ይቆማል የሚባለው ስህተት ነው።

መርጋቱ ግን ምልክት ነው። የሚረጋ ስብ እንዳለበት ይናገራል። የፓልም ዘይት ግማሹ ገደማ እንደዚያ ነው። በዚህ ጸሐፊው ዘይቱን መጠርጠራቸው ትክክል ነው። ነገር ግን በዚያው ሚዛን ቅቤውን ለምን አልመዘኑትም? ያን ቅዳሜ ጀሪካኑ አጠገብ የነበረው የንጥር ቅቤ ዕቃዬም ድንጋይ ሆኖ ነበር። ከቅቤ ስብ ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚረጋው ዓይነት ነው። ከፓልም ይበልጣል። በመርጋት ከፈረድን ቅቤ ቀድሞ ይከሰሳል።

እዚህ ላይ በማንኪያ ልለካው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ የሚረጋ ስብ ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ውስጥ 8 ግራም ያህል አለ። ወጥ የማወጣባትን ጭልፋ ለካኋት። አራት የሾርባ ማንኪያ ትይዛለች። ስለዚህ አንድ ጭልፋ ቅቤ አንድ ሰው ላይ ቢፈስ 32 ግራም ነው፤ የቀኑ አልፎ የነገውን ነክቷል። ክትፎ ቤት «ቅቤ ጨምሪልኝ» ስንል ይህንን ነው የምናስጨምረው።

ከሁለቱም የከፋ ደግሞ አለ። ፈሳሽ ዘይት ላይ ፋብሪካ ውስጥ ሃይድሮጂን በከፊል ሲጨመርበት የሚፈጠረው ትራንስ ፋት ነው። መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ያደርጋል። ዴንማርክ በ2003 ከሁሉም ቀድማ ገደብ ጣለችበት። የዓለም ጤና ድርጅትም ከምግብ ገበያ ጨርሶ እንዲወጣ ይፈልጋል። በዚህ ነጥብ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ለብዙ ዓመታት ሰው ቅቤ ትቶ በዚህ በተሠራ ማርጋሪን እንዲበላ መመከሩ ጥፋት ነበር። ብስኩትና ማርጋሪን ስትገዙ ማሸጊያው ላይ «ሃይድሮጂኔትድ» የሚል ካያችሁ መልሱት። ቅቤም ስትገዙ ከምታውቋት ሴት ግዙ። ሙዝና የረጋ የአትክልት ስብ ተቀላቅሎበት «ለጋ ነው» እየተባለ የሚሸጥ አለና። መንገድ ዳር ቦንቦሊኖና ሳምቡሳ የሚጠበስበት፣ ቀኑን ሙሉ ሲፈላ ውሎ የጠቆረ ዘይትም ያው አይጠቅምም። ይህንንም በትክክል ጽፈዋል።

ፈረንጆቹ ተመለሱ ለሚለው ሁለት ማስረጃ ይጠቅሳሉ። አንደኛው ታይም መጽሔት በ2014 ሽፋኑ ላይ ቅቤ ብሉ ብሎ መውጣቱ ነው። እውነት ነው፤ ወጥቷል። መነሻ የሆኑት የሚረጋ ስብ የሚበዛበትንና የሚያንስበትን ሰው አነጻጽረው ብዙ ልዩነት ያላገኙ ጥናቶች ናቸው። ችግሩ አንድ ጥያቄ ተረስቷል። ቅቤውን የተወው ሰው በምን ተካው? በነጭ ዳቦ፣ በለስላሳና በስኳር ከተካው አልተጠቀመም። እንደ ኑግና ሱፍ ባለ በማይረጋ ዘይት ከተካው ይጠቀማል። በ2020 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 15 ሙከራዎች ደምሮ ሲያይ፣ የሚረጋ ስብ ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የቀነሱት ላይ የልብና የቧንቧ አደጋ በ17 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። መጽሔት ሽፋን ላይ ይህ አልወጣም።

ሁለተኛው በ2015 የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ በቀን ከ300 ሚሊግራም ኮሌስትሮል እንዳይታለፍ የሚለውን ቁጥር ማንሳቱ ነው። ይህም እውነት ነው። ያነሱት ግን ምግብ ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ቁጥር እንጂ ደም ውስጥ ያለውን አይደለም። የሚረጋ ስብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለውን ደግሞ እዚያው መመሪያ ላይ አስፍረውታል። ለአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ ያለውን ከፍ የሚያደርገው ከእንቁላሉ ይልቅ የተጠበሰበት ቅቤ ነው። አንድ እንቁላል ውስጥ ያለው የሚረጋ ስብ 2 ግራም አይሞላም። ለጤነኛ ልጆቻችሁ እንቁላል አትከልክሉ። ስኳር ያለበት ወይም ልቡን የታመመ ሰው ስንት ልብላ የሚለውን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቀጭን ሰው አያሳስበውም ለተባለው፣ ጋሼ ቀበቷቸው ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ የሚበሱ ሰው ናቸው። ይብቃኝ።

ቤቴ ውስጥ የማደርገውን ለጠየቁኝ፤ ሽሮና ምስሩ በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት ነው፣ ያውም በማንኪያ ተለክቶ። ቀድሞ ከጀሪካኑ ነበር የማንቆረቁረው። የኑግ ዘይት ውድ ሲሆንብኝ መጠኑን እቀንሳለሁ እንጂ ወደሚረጋው አልመለስም። አንዳንዴ ግን ሸማቾች ያለው እሱ ብቻ ይሆናል፤ ያኔ እሱንም በማንኪያ። ተልባ ቆልቼ ወቅጬ በውሃ በጥብጬ ለልጆቼ እሰጣለሁ። ቅቤ አለ። በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ራሴ አነጥረዋለሁ፤ ፋሲካ ላይ ዶሮዬ ያለ እሱ አይሠራም። በአዘቦት ግን ለሽታው ያህል የሻይ ማንኪያ ጫፍ።

ጋሼ ኪኒናቸውን ጀምረዋል። ሐኪማቸው ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና እንዲመረመሩ ቀጥሯቸዋል። ከቅቤው እሑድ ጠዋት ጨጨብሳ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ተደራድረው አስቀርተዋል። ልጃቸው ማንኪያዋን ለይታ አስቀምጣላቸዋለች።

ጸሐፊው ይህንን ካነበቡ አንድ ነገር እለምናለሁ። በሌላው ሁሉ ባንስማማም ጽሑፍዎ ራስጌ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩልኝ። «ሐኪም ያዘዘልዎትን የልብ ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት ከሐኪምዎ ጋር ሳይነጋገሩ አያቁሙ» ይበሉ። ጽሑፉ አሁንም እየዞረ ነው። ትናንት ማታ ከጫንጮ አንዲት ሴት ስለ እናቷ ደውላልኝ ነበር።